ቅርጫቱ ከመዘጋቱ በፊት

ኒው ኪም የምትባል የሁለት ዓመት እንስት ርግብ በኅዳር 2020 እ.ኤ.አ. ቤልጂየም ውስጥ ለጨረታ ቀርባ በ1.6 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጠች። ጨረታው የተከፈተው በ200 ዩሮ ነበር። በ2019 ደግሞ አርማንዶ የተባለ ወንድ ርግብ 1.25 ሚሊዮን ዩሮ አውጥቶ ነበር። ሁለቱንም የወሰዷቸው የቻይና ገዢዎች ናቸው፤ ዜናውም ርግብ አሳድጎ የማያውቅ ሰው ጆሮ ሳይቀር ደረሰ።

«ሁሉም የጠየቀው ስለ ገንዘቡ ነው» አሉ ሽማግሌው አርቢ። «እንዲህ ያለች ርግብ ምን እንደምትበላ፣ ጉሮሮዋን ማን ከፍቶ እንደሚያይላት፣ ሲደክማት ማን እንደሚያሳርፋት የጠየቀ ሰው አላየሁም።»

እኚህ ሰው የሚኖሩት በቤልጂየሟ ፍላንደርስ፣ ከጌንት ከተማ ብዙም በማትርቅ መንደር ነው። ከወጣትነታቸው ጀምሮ ርግብ ያወዳድራሉ። በግንቦት ማብቂያ ላይ፣ የጓሯቸው ርግብ ቤት በር ላይ ሁለት እንግዶች ተቀብለዋል። አንዷ በአእዋፍ ሕክምና ላይ ያተኮረች የእንስሳት ሐኪም ናት፤ የመጣችው የዘንድሮዎቹን ጫጩቶች ለመከተብ ነው። ሌላው ዘንድሮ ርግብ ማርባት የጀመረ የጎረቤት ልጅ ነው። ልጁ ጠረጴዛው ላይ ሦስት እሽግ የዱቄት መድኃኒት ደርድሯል፦ አንዱ ለጉሮሮ፣ አንዱ ለመተንፈሻ፣ አንዱ ለአንጀት።

«ሰኞ አንዱን፣ ሐሙስ ሌላውን በውሃ በጥብጠህ ስጥ ብለውኛል» አለ። «ውድድር ከመጀመሩ በፊት ሁሉም ሰው እንዲህ ያደርጋል አሉ።»

«የትኛዋ ርግብህ ናት የታመመችው?» አለች ሐኪሟ።

«አንዷም አልታመመችም። እንዳይታመሙ ብዬ ነው።»

የርግብ ውድድር ዛሬ ባለው መልኩ ተደራጅቶ ያደገው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቤልጂየም ውስጥ ነው። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ርግቦቹ በመኪና ተጭነው ሩቅ ቦታ ይለቀቃሉ፣ እያንዳንዷ ወደ ገዛ ቤቷ ትበርራለች፣ ርቀቱ ለፈጀችው ጊዜ ተካፍሎ በደቂቃ ስንት ሜትር እንደበረረች ይሰላል። ፈረንሳይ ውስጥ ካለችው ቡርዥ ከተማ 450 ኪሎ ሜትር በደቂቃ 1,200 ሜትር እየበረረች የምትመለስ ርግብ 6 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ያለ ዕረፍት ክንፏን ታማታለች ማለት ነው። ይህን የምታደርገው ክብደቷ ግማሽ ኪሎ እንኳ የማይሞላ ፍጡር ናት። ጥቂት የታፈነ አፍንጫ ወይም ጥቂት የተረበሸ አንጀት ቤት ውስጥ ላይታወቅ ይችላል፤ አየር ላይ ግን ሰዓታት ያስከፍላል፣ አንዳንዴም ርግቧን ራሷን። የመድኃኒት ገበያው የሚያድገው በዚህ ፍርሃት ላይ ነው።

ሐኪሟ የጉሮሮውን እሽግ አነሣች። የፍላንደርስ አርቢዎች «ቢጫው» ለሚሉት በሽታ የሚሰጥ ነው።

«የዚህ በሽታ መንስኤ ትሪኮሞናስ የሚባል ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ነው» አለች። «በብዙ ጎልማሳ ርግቦች ጉሮሮ ውስጥ አለ። ጫጩቱ ወላጆቹ ከእህል ቋታቸው እያመነጩ ከሚያጎርሱት ወተት ጋር ይወስደዋል፤ ሌሎቹ ከጋራ ውሃ መጠጫ ያገኙታል። በጥቂቱ ሲኖር ሰውነታቸው ይችለዋል፣ መከላከያም ያበጅበታል። ሲበዛ ነው ጉሮሯቸው ውስጥ ቢጫ የረጋ ነገር የሚጋገረው፤ እህል መዋጥም መተንፈስም ያቅታቸዋል። እንግዲህ አንተ በዝቶ እንደሆነ አላየህም። ሳታይ ለጤነኛው ሁሉ ስትሰጥ፣ መድኃኒቱን የሚችለው ዘር ብቻ እየተረፈ ይራባል።»

ሽማግሌው ይህን በዝምታ አላለፉትም። «ዶክተር፣ እኛ በየወር ተኩሉ እንሰጥ ነበር። ማይክሮስኮፕ ያለው ሐኪም በየመንደሩ ከየት ይመጣል? ሰጥተናል፤ አሸንፈናልም።»

«ማሸነፍዎን አልካድኩም። ግን በ2014 የጌንት ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ያሳተሙትን ጥናት ያስታውሱ። ለዚህ በሽታ የምንሰጣቸውን መድኃኒቶች የሚቋቋመው ትሪኮሞናስ መጠራቀሚያው የውድድር ርግብ ሆኖ ነው የተገኘው። ዱሩ ውስጥ ያለችው ርግብ መድኃኒት ቀምሳ አታውቅም። እኛ ነን ያስለመድነው። ነገ የእውነት የታመመች ስትመጣብኝ በምን ላክማት?»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ አልመለሱም። ልጁ ግን ጥያቄው አላለቀም። «እሺ፣ መድኃኒቱን ካልሰጠሁ ጤነኛ መሆናቸውን በምን አውቃለሁ?»

አሁን መልሱ የሽማግሌው ነበር፤ የብዙ ዓመት ልምዳቸውም የወጣው እዚህ ላይ ነው። ልጁን ወደ ርግብ ቤቱ ይዘውት ገቡ።

«መጀመሪያ መሬቱን እይ፣ ልጄ። ጠዋት ሳትጠርግ በፊት። የጤነኛ ርግብ ኩስ ጠንከር ያለ፣ ክብ፣ ቡናማ ነው፤ ጫፉ ላይ ነጭ አለው። አጠገቡ ከደረቷ የወደቀች ትንሽ ለስላሳ ላባ ካገኘህ ደስ ይበልህ። አረንጓዴና ውሃ የበዛበት ኩስ ካየህ የማን እንደሆነ እስክታውቅ ከቤቱ እንዳትወጣ። ቀጥሎ አፍንጫዋን። ከመንቁሯ ሥር ላይ ያለችው ሥጋ ነጭ መሆን አለባት፤ ግራጫ ስትሆን፣ አንድ ዓይኗ ብቻ ሲያለቅስ፣ አንድ ነገር አለ። ከዚያ በእጅህ ያዛት።»

አንዲት ሰማያዊ እንስት አነሡ። እግሮቿን በጣቶቻቸው መሐል ይዘው ደረቷን ወደ ልጁ አዞሩ፤ ላባዋን በትንፋሻቸው ገለጥ አደረጉት።

«ቆዳው ቀላ ያለና የጠራ ከሆነ ደሟ በደንብ እየዞረ ነው። ቅርፊት ካለው፣ ጠቆር ካለ አይደለችም። ከክብደቷ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ይህ የደረት ጡንቻ ነው፤ ሞልቶ ግን ቀላል ሆኖ ሊሰማህ ይገባል። እጅህ ላይ ከብዳ የተቀመጠች ርግብ ለቅዳሜ አልደረሰችም።»

«ይህን እኔ በላቦራቶሪ ላገኘው አልችልም» አለች ሐኪሟ። «እርስዎ ቀድመው ካላዩ እኔ ዘንድ የምትመጣው ከዘገየ በኋላ ነው።»

«የማታውን በረራ ጨምርበት» ቀጠሉ ሽማግሌው። «ጤነኛ መንጋ ሳትነካው ራሱ ይነሣል፣ ርቆ ይሄዳል፣ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ይመለሳል። ጣራ ላይ መቀመጥ የሚያበዛ መንጋ ካየህ ችግሩን ሌላ ቦታ አትፈልግ። ባንዲራ እያውለበለብክ አታስገድደው፤ ለምን እንደተቀመጠ ፈልግ።»

ሦስቱም ተመልሰው ተቀመጡ። ሐኪሟ የክትባት ጠርሙሶቿን ስታወጣ ልጁ የፓራሚክሶቫይረስ ክትባት ስንት ጊዜ እንደሚሰጥ ጠየቃት። በቤልጂየም ይህን ክትባት ያልወሰደች ርግብ ለውድድር አትቀርብም። በሽታው በ1980ዎቹ መጀመሪያ አውሮፓ ሲገባ አርቢው ምንም አላዘጋጀም ነበር። የያዛት ርግብ ኩሷ ውሃ ብቻ ይሆናል፤ አንገቷ ይጠመዘዛል፤ ጥሬ ለመልቀም ስትሞክር ትስታለች። ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት እስከ ዛሬ የለም።

«በየዓመቱ ነው፤ ጫጩቶቹን ደግሞ አምስት ሳምንት ገደማ ሲሞላቸው» አለች። «ቀኑን አታሳልፍ። ክትባት ሰውነት መከላከያውን እስኪሠራ ሳምንታት ይፈልጋል። ውድድር በገባ ዋዜማ የሚመጡብኝ አሉ፤ የወረቀቱን ግዴታ ያሟላሉ እንጂ ርግቢቱን አይጠብቋትም።»

«ለምንድን ነው ግን በጋ ላይ በሽታ የሚበዛው?»

«በቅርጫቱ ምክንያት ነው።»

ሐኪሟ እዚህ ላይ ረዘም አድርጋ ተናገረች። ዓመቱን ሙሉ ተለያይተው የኖሩ መንጋዎች ከውድድር በፊት ማታ ላይ በአርቢዎቹ ማኅበር ቤት ይሰበሰባሉ፤ ከየቤቱ የመጡት በአንድ ቅርጫት ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ሺዎች በአንድ መኪና ይጫናሉ፤ ከአንድ ገንዳ ይጠጣሉ፤ አንዷ ያስነጠሰችውን ሌላዋ ትተነፍሳለች። ከዚያ ሁሉም ወደየቤታቸው ይበርራሉ፣ የያዙትንም ይዘው ይገባሉ። የጫጩቶች በሽታ የሚባለውን ለምሳሌ ወሰደች። ከጥቂት ጉዞ በኋላ ያስመልሳቸዋል፤ የእህል ቋታቸው ሞልቶ አይወርድም፤ ኩሳቸው አረንጓዴ ይሆናል። ለዓመታት ጥፋቱ የተጣለው በአዴኖቫይረስና በሰርኮቫይረስ ላይ ነበር። በ2016 በምዕራብ አውስትራሊያ፣ በፐርዝ፣ ብዙ ርግብ የፈጀ ወረርሽኝ ሲመረመር ሮታቫይረስ ተገኘ፤ ከዚያ በኋላ ጀርመን ውስጥ የተደረገው ምርምር ይኸው ቫይረስ የጫጩቶቹን በሽታ እንደሚያመጣ በሙከራ አሳየ።

«እና ምን ይደረጋል?» አለ ልጁ።

«ምግቡን ቀንስ፤ የሚፈጨው ትንሽ ብቻ ስጥ። ንጹሕ ውሃ አታጉድል። ቤቱን አድርቅ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቅርጫት ውስጥ አታስገባቸው፤ የራስህንም ይጎዳል፣ የጎረቤትህንም። አንቲባዮቲክ ቫይረሱን አይነካውም፤ ተከትሎ የሚመጣ ባክቴሪያ መኖሩን ካየሁ ብቻ ነው የማዝዝልህ። ሦስት ሳምንት ውድድር ማጣት ነው ዋጋው።»

«ሦስት ሳምንት ለጀማሪ ረጅም ነው» አሉ ሽማግሌው በርኅራኄ። «ቅዳሜ ሲሆን ጎረቤት ሁሉ ሰማይ ሰማይ ሲያይ፣ የአንተ ርግቦች ቤት ተቀምጠው። ይህ ነው የዚህ ስፖርት ከባዱ ነገር፤ መላክ ለሁሉም ቀላል ነው።»

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅም የሚስማማው በዚህ ነው። በስፖርቱ ውስጥ ብዙ ብልሃት አለ፤ ርግብን ቤት ማስቀረት የሚችል አርቢ ግን በየመንደሩ ጥቂት ነው። ቅርጫቱ ከመዘጋቱ በፊት ያለችው ያቺ ማታ፣ የመመዝገቢያው ገንዘብ፣ የጓደኛ ፉክክር፣ የዓመቱ ሻምፒዮና ነጥብ፣ ሁሉም ወደ መላክ ይገፋሉ። ርግቧ ደግሞ አፍ የላትም። በ2013 የቤልጂየም ርግብ አርቢዎች ፌዴሬሽን 20 ናሙናዎችን ደቡብ አፍሪካ ለሚገኝ ላቦራቶሪ ልኮ ነበር። ቤልጂየም ውስጥ ሲመረመሩ ንጹሕ ተብለው ነበር፤ እዚያ ግን በ6ቱ ላይ የሕመም ማስታገሻና ኮኬይን ተገኘ። ሕመም ማስታገሻ የሚሰጣት ርግብ መጀመሪያውኑ የሚያማት ነገር ነበራት ወይም ከአቅሟ በላይ ልትበርር ነው። ሕመሙን ዝም ማሰኘት ማለት ርግቧ የነበራትን ብቸኛ ቋንቋ መንጠቅ ነው።

ወሬው ወደ ምግብ ሲዞር ሽማግሌው ተነሥተው ሁለት ባልዲ አመጡ። አንደኛው ውስጥ ገብስ ይበዛል፤ ሁለተኛው በቆሎ፣ አተር፣ ስንዴ፣ ሱፍና ኦቾሎኒ የተቀላቀለበት ነው።

«ከውድድር በተመለሱ ማግስት ይኸኛው» አሉ ገብሱን እያሳዩ። «ቀላል ነው፤ አያከብዳቸውም። ሳምንቱ እየገፋ ሲሄድ ወደዚህኛው እሸጋገራለሁ፤ ዋዜማው ሲቀርብ ቅባት ያለውን እጨምራለሁ። ለአንዷ በቀን 30 ግራም ያህል፣ ከዚያ ብዙም አይበልጥ። ሌላውን እህል ጨርሰው ገብሱን መተው ሲጀምሩ ጠግበዋል ማለት ነው፤ አነሣዋለሁ።»

«ቅባቱ ለምን?» አለ ልጁ። «ሯጮች ከውድድር በፊት ፓስታ አይደል የሚበሉት?»

ሐኪሟ ጥያቄውን ወደደችው። «ርግብ በረጅም በረራ ላይ በዋናነት የምታቃጥለው ስብ ነው። አንድ ግራም ስብ ከአንድ ግራም ስታርች ከእጥፍ በላይ ኃይል ይሰጣል፤ ስለዚህ ቀላል ስንቅ ነው። ሲቃጠል ደግሞ ውሃ ይወጣዋል፣ እሱም ይረዳታል። አንተ ግን ገና 20 እና 30 ኪሎ ሜትር ነው የምታስለምዳቸው። ለዚያ ኦቾሎኒ ብታበዛ ታወፍራቸዋለህ። በቆሎውንና ኦቾሎኒውን ደግሞ አሽትተው፤ የሻገተ እህል ጉበታቸውን ያበላሻል። ብዙ ሰው ውድ ቫይታሚን ገዝቶ እህሉን እርጥብ ጎተራ ውስጥ ያስቀምጣል።»

በዚህ መሐል ሽማግሌውን አሳላቸው። ሐኪሟ ቀና ብላ አየቻቸው።

«ጭምብሉን ያደርጋሉ?»

«ስጠርግ አደርጋለሁ።»

«ሲመግቡም ያድርጉ።» ለልጁ ስታስረዳ ድምፅዋ ጠነከረ። ከርግብ ላባ የሚወጣው ነጭ ትቢያና የደረቀው ኩስ በዓመታት ውስጥ የአንዳንድ አርቢዎችን ሳንባ ያስቆጣል፤ «የርግብ አርቢዎች ሳንባ» የሚባል የታወቀ በሽታ ነው፤ ከቆየ ሳንባው ጠባሳ ይይዛል። ብዙዎች ጉንፋን ነው እያሉ ያሳልፉታል። «የቤቱ አየር ለአንተ ከከበደህ ለእነሱም ከብዷቸዋል» አለችው። «በየተገኘው ጥግ ርግብ አትጨምር። አየሩ ከታች ገብቶ ከላይ ይውጣ፤ ነፋስ ግን ቀጥታ አይምታቸው። ወለሉ ደረቅ ይሁን። እርጥበት ባለበት ኮክሲዲያ የሚባለው የአንጀት ጥገኛና ወስፋት ይራባሉ፤ የምታጥበውን ያህል አድርቅ።»

በአንድ ነገር ላይ ግን ሐኪሟና ሽማግሌው ሳይስማሙ ቀሩ። ብዙ አርቢዎች ከመጋቢት እስከ ሰኔ የጫጩቶቹን ቤት ከአመሻሽ እስከ ረፋድ ያጨልሙታል። ቀኑ አጭር ሲመስላቸው ላባ መቀየሩን ያዘገዩታል፤ እናም በበጋው ውድድር ሙሉ ክንፍ ይዘው ይበርራሉ። ሽማግሌው ይህን ያደርጋሉ፤ ርግቡ ላይ ጉዳት አላየሁም ይላሉ። ሐኪሟ የምትፈራው በልጉን ሳይሆን መጸውን ነው፤ የዘገየው ላባ ሁሉ ያኔ በአንድ ጊዜ ይወርዳል፤ ያኔ ደግሞ አርቢው ውድድር አልቋል ብሎ ምግቡን ይቀንሳል። «ላባ ፕሮቲን ነው። በመስከረምና በጥቅምት ካላበሏቸው የሚቀጥለውን ዓመት ክንፍ ከወዲሁ አበላሹት» አለች። ሽማግሌው በምግቡ ተስማሙ፤ ቤቱን የሚያጨልሙበትን መጋረጃ ግን አላወልቅም አሉ።

ስለ ተባዕቶቹ ሲወራ የሽማግሌው ፊት በራ። በፍላንደርስ የቆየው ዘዴ ወንዱንና ሴቷን ሳምንቱን ሙሉ ለያይቶ፣ ቅርጫት ከመግባቱ በፊት ለጥቂት ደቂቃ ማገናኘት ነው። ወንዱ ሚስቱና ጎጆው እንደሚጠብቁት እያወቀ ይሄዳል። «ከተመለሰ ግን ቃልህን ጠብቅ» አሉ ለልጁ። «ሴቷ ቤት ውስጥ ትጠብቀው። ባዶ ቤት የገባ ወንድ በሚቀጥለው ሳምንት ያንን ያስታውሳል።»

ክትባቱ ሲያልቅ ሽማግሌው ያቺን ሰማያዊ እንስት እንደገና አወጡ። የሐምሌ መጀመሪያው የባርሴሎና ውድድር ላይ ሊልኳት ያሰቧት እሷ ናት፤ ከባርሴሎና እስከ ፍላንደርስ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ርግቦቹ ከመለቀቃቸው በፊት እንኳ ቀናት በመኪና ላይ ያሳልፋሉ። ከዚያ በፊት ደግሞ ለፊታችን ቅዳሜ ቡርዥ ተመዝግባለች።

ሐኪሟ በእርጥብ የጥጥ ዘንግ ከእህል ቋቷ ናሙና ወስዳ መስታወቱ ላይ ቀባች፤ ከመኪናዋ ያመጣችውን ማይክሮስኮፕ አስተካክላ አየች። ከዚያ ልጁን ጠራችው።

«እነዚያ የሚንቀጠቀጡት?»

«እነሱ ናቸው። ብዙ ናቸው፤ ከጥቂት በላይ።» ሌሎች ሦስት ርግቦችም አስመጣች፤ ሁለቱ ላይ ተመሳሳይ አገኘች። «አሁን መድኃኒት ይሰጣል» አለች። «ውሃው የጋራ ስለሆነ ለዚህ ክፍል ርግቦች በሙሉ፣ በአንድ ጊዜ፣ በሙሉ መጠን፣ የማዝዘውን ቀን ሁሉ። ተሽሏቸዋል ብለው በሦስተኛው ቀን እንዳያቋርጡ። ከጨረሱ ከሳምንት በኋላ መጥቼ ደግሜ አያለሁ።»

«ቡርዥስ?»

«ቡርዥ የለም።»

ሽማግሌው ማስታወሻ ደብተራቸውን አውጥተው የቅዳሜውን ዝርዝር ተመለከቱ። ከዚያ ክፍል የተመዘገቡትን አምስቱንም ሠረዙ። ሰማያዊቷን በሰኔ አጋማሽ በሚደረግ መካከለኛ ርቀት ለማስገባት ወሰኑ፤ ለባርሴሎና ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ገደማ ይቀራታል። ልጁ የራሱን ርግቦች ኩስ እንዴት ሰብስቦ እንደሚያመጣ ጠየቀ። ሐኪሟም ከተለያየ የቤቱ ክፍል፣ የሦስት ቀን፣ በንጹሕ ዕቃ፣ ፀሐይ ሳያገኘው አለችው፤ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ክሊኒኩ ክፍት ነው።